ቤት ከማድቤቱ ይጀመር

የተከበራችሁ የላሊበላና የላስታ ወገኖቼ፣ አባቶችና እናቶች፣ ግንበኞችና አናጢዎች፣ በቅርቡ ጎጆ ለመውጣት የምታስቡ ወጣቶች፤

ዛሬ የምናገረው አዲስ የቤተሰብ መኖሪያ ሲነደፍ ምን ሊጎድልበት እንደማይገባ ነው። የቤት ንድፍ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ንድፍ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ወሬውን ከሳሎን ይጀምራል። ሳሎኑ ስንት በስንት ይሁን፣ ሶፋው በየት በኩል ይደርደር፣ የፊት ለፊቱ መስኮት ምን ያህል ይስፋ፣ በረንዳው ከመንገድ ሲታይ ምን ይምሰል። ስለ ማድቤቱ ስጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ «እሱማ ከኋላ ሰርቪስ ይሠራል» ይሉኛል። የጣሪያው ውሃ ወዴት ይወርዳል፣ የእጥበቱስ ውሃ ወዴት ይሄዳል ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው። ወደዚህ አዳራሽ ይዤ የመጣሁት ሙግት አንድ ነው። ቤት ከማድቤቱና ከውሃው ይጀመር። ሳሎን ከዚያ በኋላ ቦታውን ያገኛል።

ይህን ለመናገር ከእናንተ አገር የተሻለ ቦታ የለም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ዓለም ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር የመኖሪያ ቤቶቻችሁንም አይቷል። በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተገነባው ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤት «የላስታ ቱኩል» በሚል ስም በቅርሱ ገለጻ ውስጥ ተጠቅሷል። ያንን ቤት የሠሩት ሰዎች ንድፍ በወረቀት አላወጡም። አገሩ የሚጠይቀውን ግን አሳምረው ያውቁ ነበር።

እስቲ ቤቱን ልብ ብለን እንየው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ድንጋዩ በጭቃ ተያይዟል። ክብ በመሆኑ ጥግ የለውም፤ ደካማ ድንጋይ በቀላሉ የሚፈነቀለው ደግሞ ከጥግ ነው። ተዳፋት መሬት ላይ ስለሚቆም ታችኛው ክፍል በአንድ በኩል ወደ ዳገቱ ይጠጋል፤ ከብትና ዕቃ እዚያ ያድራሉ። ሰው በውጭ ባለው የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ላይኛው ደርብ ይኖራል። የከብቱ ትንፋሽ ወለሉን ያሞቀዋል። እህሉ ከእርጥበት ርቆ ከላይ ይቀመጣል። የጣሪያው ሳር የቀኑን ፀሐይ አያሳልፍም፣ የሌሊቱን ብርድ አያስገባም፣ በረዶ ሲወርድበትም አይንኳኳም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚበርድበት አገር፣ ይህ ትልቅ ብልኃት ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈ ስለሆነ ብቻ አላሞግሰውም። ያ ቤት ጨለማ ነበር። ጭሱ በሳሩ ውስጥ ሾልኮ እስኪወጣ ድረስ የእናቶቻችንን ዓይን ያቃጥል ነበር። ከብት ከሰው በታች ሲያድር ሙቀት ብቻ ሳይሆን ቁንጫና በሽታም ያመጣል። ሳር ዛሬ እንደልብ አይገኝም፤ እሳትም ያሰጋዋል። ስለዚህ ቱኩሉን እንዳለ ድገሙት አልልም። የጠየቃቸውን ጥያቄዎች እንጠይቅ ነው የምለው፤ ውሃው፣ ብርዱ፣ እህሉ፣ ዳገቱ። አሁን በየከተማው የሚሠራው የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ከእነዚህ አንዱንም ሳይጠይቅ ይቆማል። ቆላ ይሠራ ደጋ፣ ሜዳ ላይ ይሠራ ገደል አፋፍ፣ ንድፉ አንድ ነው። ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተነሥተው አዲስ ሰፈር የገቡ ወገኖች እንዳሉ ታውቃላችሁ። በአዲስ መሬት ላይ ከባዶ የሚጀምር ሰው እነዚህን ጥያቄዎች የመጠየቅ ዕድል አለው። ዕድሉ ደግሞ መሠረቱ ሲወጣ ያበቃል።

ከውሃው ልጀምር።

ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን የጠረቡት ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ውሃ ይመስለኛል። ጉድጓድ ቆፍሮ በመካከሉ ሕንፃ ማቆም ማለት ክረምት ሲመጣ ሕንፃውን ኩሬ ውስጥ ማስገባት ማለት ነው፤ ውሃው የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበ። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ክረምቱን የሚያሳልፈው፣ ጠራቢዎቹ የጣሪያውን ውሃ ማውረጃና የግቢውን መውጫ አስቀድመው ስላሰቡ ነው። ሁለቱን ዋና ዋና የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች የሚለየው የዮርዳኖስ ቦይም አለ። ቅርሱ ዛሬም የሚጎዳው በዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች የመጡበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በመልካቸውና በክብደታቸው ላይ ብዙ ክርክር ቢኖርም። ዐለት የበላ ውሃ የእኔንና የእናንተን ግድግዳ አይምርም።

እንግዲህ በቤታችን ምን ማለት ነው? ቦታችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ከቤቱ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከመሠረቱ በፊት ይቆፈር። ከመሠረቱ በኋላ አይደለም፤ በመጀመሪያው ክረምት መሠረቱ ክፍት ሆኖ ጎርፍ የገባበት ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሲሰነጠቅ ይኖራል። የቤቱ ወለል ከግቢው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ የሚረጨው ጭቃ ግድግዳውን እንዳይበላው ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይውጣ። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ያልተጠናቀቀ ቤት ነው።

አሸንዳው ደግሞ ግድግዳ ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ አለው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት፣ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን 800 ሊትር ይቀበላል። የተረጨውንና የፈሰሰውን ብንቀንስ እንኳ ከ600 ሊትር በላይ ይቀራል፤ 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ከ30 በላይ። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ሁሉ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይፈሳል። ከዚያ በበጋ ውሃ ስትጠፋ ልጃገረዷ ጀሪካን አዝላ ትንከራተታለች። ሮቶ የሚቀመጥበት የድንጋይ መቀመጫ፣ ከማድቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ከባልዲ አፍ ከፍ ብሎ፣ በንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። ሮቶውን ዛሬ መግዛት ባትችሉ እንኳ መቀመጫው ይሠራ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው አይግባ፤ ለዚህ አንድ ዞር የሚል ቱቦ ይበቃል።

አሁን ወደ ማድቤቱ እንግባ። እዚህ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ይቅርታ አልጠይቅበትም። በአንድ የላስታ ቤት ውስጥ እንደ ማድቤት ብዙ ሰዓት የሚያልፍበት ክፍል የለም። ሊጥ ይቦካል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ በርበሬ ይደለዛል። ሕፃኑም እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እዚያው ያድጋል። ይህን ሁሉ የምንሠራበትን ክፍል ግን ከቤቱ ገንዘብ በተረፈው ቁርጥራጭ ቆርቆሮ እንሠራዋለን። መስኮት የለውም። ወለሉ አፈር ነው። ሲዘንብ ወደ ዋናው ቤት ወጥ ይዞ የሚሮጥ ሰው ይረጥባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ በሚወጣ ጭስ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። ጭስ ገዳይ መሆኑን አምናችሁ ለመቀበል የእኔ ምስክርነት አያስፈልጋችሁም፤ አረጋውያን እናቶቻችን ሲያስሉ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን መለወጥ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በዚሁ በክልላችን በፎገራ የሚገኘውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ያየ ሰው ምድጃዎቹን አይረሳም። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚያ መንደር እሳቱ በጭቃ በተሠራ ዝግ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ ጭሱ በመውጫው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ግን አይባክንም። የተሠራው ከጭቃ ነው። ጭቃ እኛም አለን። የጎደለን ነገር ማድቤቱን ለማሰብ የምንሰጠው ቀን ነው።

ስለዚህ በምነድፈው ቤት ሁሉ እነዚህን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምድጃው ዝግና ጭስ ማውጫ ያለው ይሁን፤ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ካልሆነ ነፋስ ሲገፋው ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ከበሩ ትይዩ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የማይዘጋ መተንፈሻ ይኑር። የምድጃው ከፍታ የሚወሰነው በጋጋሪዋ ቁመት ነው። ባለቤቱን ሳይሆን የምትጋግረዋን ቆማ ለኩ፤ ወገቧ ሳይጎብጥ ምጣዱ ላይ ሊጥ ማዞር የምትችልበት ልክ እሱ ነው። ማገዶው ከዝናብ የሚጠለልበት ቦታ ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ይሁን። በሩ ምጣድም ጋንም ይዞ የሚያስገባ ስፋት ይኑረው። አንድ መስኮት ወደ ግቢው ይከፈት፤ እናት እየጋገረች ልጆቿን እንድታይ። ማድቤቱን ከቤቱ ጋር የሚያገናኝ የተከደነ መተላለፊያም ይኑር፤ ሁለት ቆርቆሮና አራት ቋሚ ነው ወጪው።

ማድቤትን ከቤቱ ፈጽሞ አርቁት የሚሉ አሉ፤ በጭሱ ምክንያት። ጭሱ ከታሰበበት መራቁ አያስፈልግም። የራቀ ማድቤት የሚያርቀው ሴቶችን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ጨዋታ ሲደራ፣ የቤቱ እመቤት ከኋላ ቀርታ የሳቅ ድምፅ ብቻ ትሰማለች።

መብራትም ይነሣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። ምጣዱን የሳሎኑን አምፖል በሚያበራው ቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀጥል ኤሌክትሪሺያን ቤታችሁን ለእሳት እያዘጋጀ ነው። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ዛሬ ምጣዱ ባይኖራችሁም ቱቦው በግድግዳው ውስጥ ይቀበር። ከዚሁ ጋር በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በኋላ፣ ከተማችሁ ለወራት ያለ መብራት የቆየችበትን ጊዜ አትርሱ። በመብራት ብቻ የሚሠራ ማድቤት ያኔ ምን ይሆን ነበር? የማገዶውም የመብራቱም ምድጃ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በጣሪያው የደቡብ ክንፍ ላይ ለፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ቦታ መተው ምንም አያስወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የደጋ ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ጨርሷል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳል አያመጣም፣ አያስጠነቅቅም። ቤቱ ሙቀቱን የሚይዝ ሆኖ ከተሠራ ከሰሉን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት አያስፈልግም። ወደ ፀሐይና ወደ ግድግዳ የምሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ላስታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆምም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ ድረስ በደቡብ በኩል ናት። ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥ፣ በቀትር ጊዜ በደቡብ ሰማይ 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ይህ ማለት በደቡብ በኩል ያለ መስኮት በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ውስጥ ይቀበላል፤ በሰሜን በኩል ያለ ክፍል ደግሞ በበጋ ሁሉ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አያቶች የሚቀመጡበትና አራስ የምትተኛበት ክፍል ወደ ደቡብ ይሁን። ጓዳው፣ የጠላው ጋንና የሊጡ ቡሃቃ የሚቀመጡበት፣ ወደ ሰሜን ይሁን።

በደቡብ መስኮት ላይ የጣሪያው ክፈፍ ሲወጣ ልክ ይኑረው። 50 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ ቀትር 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ታች ይጥላል፤ ከመስኮቱ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ካለ፣ ጥላው የመስኮቱን የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ቀሪው ፀሐይ ያገኛል። ክፈፉ አንድ ሜትር ከሆነ ግን ጥላው 1.4 ሜትር ይደርስና መስኮቱን ሊሸፍነው ይችላል። ለዝናቡ ረዥም ክፈፍ ከፈለጋችሁ ግድግዳው ሰፊ በሆነበት በኩል አድርጉት። ይህን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በገና ሰሞን እኩለ ቀን ላይ አንድ እንጨት ከግድግዳው ላይ አውጥታችሁ ጥላውን ለኩ።

ስለ ግድግዳ ከግንበኞቹ ጋር ልነጋገር። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ውጦ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ ይመልሰዋል፤ ብሎኬቱ ሲሞቅ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲበርድም ቶሎ ይበርዳል። የድንጋይ ሥራ የሚያውቅ እጅ እናንተ ዘንድ አለ፤ ዓለም የመሰከረው ጥበብ የቀረው ለቅርስ ጥገና ብቻ ከሆነ ያሳዝናል። ሁሉም ግድግዳ ድንጋይ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ዋጋውንና ጉልበቱን አውቃለሁ። የመኝታ ክፍሎቹ የምዕራብና የደቡብ ግድግዳ ድንጋይ ቢሆን፣ የውስጡ መለያ ብሎኬት ቢሆን፣ ትልቁ ጥቅም ይገኛል። ድንጋዩን በጭቃ ገንብታችሁ ከላይ በሲሚንቶ አትለስኑት። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍንና በሁለት በሦስት ክረምት ተላቅቆ ይወድቃል፤ ድንጋዩንም ይዞ። ጭቃን የሚስማማው ኖራ ነው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም በላስታ ቀለል አድርጎ መናገር አይገባም፤ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሩቅ አይደለንም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ቤቶች ያፈራረሰው በዚህችው በወሎና በሸዋ ጠርዝ ነው። የድንጋይ ግድግዳ በመንቀጥቀጥ የሚፈርሰው የውጩና የውስጡ ገጽ ሲለያዩና ግድግዳዎቹ ከጥግ ላይ ሲላቀቁ ነው። መፍትሔውን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳው በዙሪያው አግድም በተጋደሙ እንጨቶችና በድንጋይ ረድፎች እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። እንጨቱ ግድግዳውን እንደ ቀበቶ ይዞታል። በእናንተ ቤት ይህ ቀበቶ ከመስኮቱ በላይ ቤቱን ሁሉ የሚዞር፣ ሳይቋረጥ ጥግ ላይ የሚታሰር የአርማታ ወይም የጥሩ እንጨት ማሰሪያ ይሁን። በግድግዳው ውስጥ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረዥም ድንጋይ ቢያንስ በየ1.2 ሜትሩ ይግባ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ግንበኛው ካልተጠየቀ ግን አይሠራውም፤ ከተለሰነ በኋላ ማንም አያየውምና።

በቆርቆሮው ላይ የምለው አጭር ነው። ኮርኒስ ይኑረው፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር፤ ከኮርኒሱ በላይ ጭድና ጭቃ ወይም ሌላ የሚያሞቅ ነገር ይደርደር። የቀኑን ሐሩር፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜና የነሐሴን ዝናብ ጩኸት በአንድ ጊዜ ያቀልላል።

አሁን ስለ እንግዳ። ላስታ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ለራሱ ብቻ አይሠራም። ታኅሣሥ ሲገባ ከየአቅጣጫው በእግሩ የሚመጣውን ምእመን እናንተ ታውቁታላችሁ። ውሃ አሙቃችሁ የመንገደኛውን እግር የምታጥቡ፣ ያላችሁን የምታቀምሱ፣ በቤታችሁ የምታሳድሩ እናንተ ናችሁ። በገና በዓል ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዜም በዙሪያው ከቆመው ሕዝብ ስንቱ በእናንተ ቤት አድሮ እንደመጣ አስቡት። ይህ ሁሉ በሶፋ በተሞላ ሳሎን እንዴት ይሆናል? ለዚህ የሚሆነው ከደጃፉ አጠገብ የራሱ በር ያለው ክፍል፣ በግድግዳው ዙሪያ መደብ ያለው፣ እግር የሚታጠብበት ውሃ የሚፈስበት ወለል ያለው ነው። መደብ ከሶፋ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀምጣል፤ ሌሊት አልጋ ይሆናል፤ ከሥሩ ዕቃ ይቀመጥበታል። በቀረው ዓመት ያ ክፍል ልጆች ያጠኑበታል፣ ተከራይ ይኖርበታል፣ ገቢ ያመጣል።

የማኅበር ወር ተራም እንዲሁ ነው። ተራው የእናንተ ሲሆን ካህኑ የሚጸልይበት፣ ማኅበርተኛው ጽዋ የሚጠጣበት ቦታ ይፈልጋል። ፊት ወደ ምሥራቅ መልሶ መጸለይ ለሚፈልግ ቤተሰብ በምሥራቅ ግድግዳ ቴሌቪዥን መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ። ሰርግና ለቅሶም አለ። ግቢውን በሙሉ በቤት ከሞላችሁት ዳሱና የእድሩ ድንኳን መንገድ ላይ ይተከላል። ቢያንስ አንድ ወገን፣ ከበሩ ጋር የተያያዘ፣ ደልዳላ ባዶ መሬት ተዉ። በአሸንድዬ በዓል ልጃገረዶቹ መጥተው ሲጨፍሩም እዚያው ይሆናል።

ሽንት ቤቱ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከቤቱም ከውሃ ጉድጓዱም ቁልቁለት በኩል ይሁን። ዐለት መቆፈር በማይቻልበት ቦታ ከፍ ብሎ በግንብ ይሠራ። የእጅና የፊት መታጠቢያ ከደጃፉ ይኑር። ክልላችን በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የሕፃን ፊት በየጠዋቱ መታጠብና ዝንብ የማይበዛበት ሽንት ቤት ዓይን ያድናሉ።

አባቶችና እናቶች ደግሞ ያረጃሉ። ወጣት ባልና ሚስት ቤት ሲሠሩ ይህን አያስቡም። ቢያንስ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ መጸዳጃ ደረጃ ሳይወጣ የሚደረስበት፣ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ይሁን። የድሮውን የውጭ ደረጃ ብትሠሩ እንኳ በጎኑ መደገፊያ ይኑረው።

የቤቱን ጠቅላላ ወጪ እንዳላነሣሁ ታዝባችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን ቤት የምንሠራው እቁብ በወጣ ቁጥር ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ክፍል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሁለት። ያ ነውር የለበትም። ነገር ግን ንድፉ ከመጀመሪያው ሙሉውን ቤት ያሳይ፤ ወደፊት የሚቀጠለው ግድግዳ ጥርስ አውጥቶ ይቅር፤ የጣሪያው ተዳፋት ቀጣዩን ክፍል የሚያስገባ ይሁን። በመጀመሪያው ዙር የሚሠራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ የጎርፍ መቀልበሻው፣ ማድቤቱ፣ አንድ ደቡብ የሚያይ መኝታ፣ ሽንት ቤቱና የሮቶው መቀመጫ። ሴራሚኩ፣ የበረንዳው ዓምድ፣ የሳሎኑ ጣሪያ ጌጥ ይቆይ። እነዚህ በማንኛውም ዓመት ይጨመራሉ። መሠረት ውስጥ የተረሳ ቦይ ግን አይጨመርም።

ከመበታተናችን በፊት አንድ የማሳስበው ነገር አለ። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ንድፉን በኖራ ዱቄት መሬቱ ላይ አስምሩት፤ ግድግዳውን፣ በሮቹን፣ ምድጃውን፣ ሮቶውን፣ መደቡን። ከዚያ የቤቱን እመቤት፣ አያትየዋንና ልጆቹን ጥሩ፤ ግንበኛውም ይኑር። ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛችሁ ከሮቶው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ እንግዳው ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ ሂዱ። አያትየዋ ከመኝታዋ እስከ ደጃፉ ትሂድ። የሚያደክም፣ የሚያጋጭ፣ የሚያዞር ቦታ ከተገኘ መስመሩን በእግራችሁ ደምስሱትና ሌላ አስምሩ። ይህን ያደረጋችሁበትን ንድፍ ይዛችሁ ብትመጡ እኔም፣ በየከተማው ያሉ የሙያ ባልደረቦቼም፣ በደስታ እናየዋለን። አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ፤ በመጀመሪያ ከእናቶች ብንሰማ እወዳለሁ።